የሰፈፉን ዋጋ ማን በላው?

  

ከፊቴ የተቀመጣችሁት የሒሳብ፣ የገበያ ሥራና የኅብረት ሥራ ተመራቂዎች ናችሁ። ስለዚህ ስለ አንድ ነጋድራስ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ዕድሜዬን በኦዲተርነት የፈጀሁ ሰው ነኝና ነገሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ደብተር ይገባል፤ ታገሡኝ።

1881 ዓ.ም. ለአገራችን የጭንቅ ዓመት ነበር። መጋቢት ላይ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ሚያዝያ 25 ደግሞ እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ፣ ኋላ የአድዋን ጦርነት ያመጣው ውል ከጣሊያን ጋር ተፈረመ። ከመተማ ካልተመለሱት መካከል ባይከዳኝ የሚባሉ የአድዋ አካባቢ ሰው ነበሩ። ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበራቸው፤ ገብረ ሕይወት። ክፉ ቀን ሲመጣ ያ ልጅ ወደ ምጽዋ አቅጣጫ ተሰደደ፣ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ። ከዚያ ወደብ ላይ ከቆመ የጀርመን መርከብ ተሳፍሮ አውሮፓ ገባ፤ የሰው አገር ቤተሰብም አሳድጎ አስተማረው።

ገብረ ሕይወት ግን እዚያው አልቀሩም። ተመልሰው በምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም፣ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማቸው ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ታትሞ የወጣው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

በዚያ መጽሐፍ የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሸጦ፣ በዕውቀት የተሠራ ዕቃ እየገዛ ከኖረ፣ የቱንም ያህል ቢደክም ድካሙ ለሌላው ነው። ባቡሩም ቢሆን ምርቱን እንጂ ዕውቀቱን ካላመላለሰ የሚያበለጽገው ባዕዱን ነው። በየኬላው የሚደራረበውን ቀረጥም አጥብቀው ነቅፈዋል። ቅኝ ያልተገዛ አገርም በገበያ በኩል ሊገዛ እንደሚችል አስቀድመው ያዩ ሰው ነበሩ።

እኔ ይህ ነገር የገባኝ ከመጽሐፉ በፊት፣ ሐይቅ ገበያ ላይ ነው። አክስቴ ከአምባሰል ማር አምጥታ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ልጅ ነኝ፣ አህያውን እነዳለሁ። ገዢው ክዳኑን ከፍቶ፣ እንጨት ነክሮ፣ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድዳል። «እታለም፣ ማሩስ ማር ነው፣ ሰፈፉ ግን በዛ» ይላታል። ከዚያ በዓይኑ ገምቶ ለሰፈፉ ይቀንሳል። ስንት ሰፈፍ እንዳለው የመዘነ የለም፤ ዝም ብሎ ይቀንሳል። አክስቴም «እሺ፣ አንተ ካልክ» ትላለች፤ የሚመሽባትም እሷ ናት። አንድ ቀን ዕቃ አድርስ ተብዬ ጓሮው ገባሁ። ያ ሲቀነስ የነበረው ሰፈፍ በትልቅ ብረት ድስት ይፈላል፣ በከረጢት ይጠለላል፣ ቢጫ ሰም ሆኖ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ክብ ተደርድሯል። ለጧፍ ይሸጣል! ጧፉን የምትገዛው ማን ናት? አክስቴ፤ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስለት። የራሷን ሰፈፍ ሁለት ጊዜ ከፈለችበት ማለት ነው። ለመሆኑ ያ ገዢ ሌባ ነበር? አይደለም። እሱ ድስትና ደብተር ነበረው፣ እሷ አልነበራትም። ነገሩ ይኸው ነው።

የገበያ ሒሳብ ፖለቲካም ነው። ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ጋና ጆርጅ አልፍሬድ ግራንት የሚባሉ የእንጨት ነጋዴ ነበሩ፤ ሕዝቡ ፓ ግራንት ይላቸዋል። በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ግንድ ወደ ውጭ እየላኩ የከበሩ ሰው ናቸው። በፈረንጆች 1947 ሳልትፖንድ ላይ የተመሠረተውን ፓርቲ የመሩት እሳቸው ናቸው። ኋላ አገሪቱን ለነፃነት ያበቃው ክዋሜ ንክሩማ ከለንደን የተመለሰበትን መቶ ፓውንድም ከኪሳቸው አውጥተዋል። አገራቸው በ1957 ነፃ ስትወጣ ግን አላዩም፤ ጥቂት ወራት ቀድመው አረፉ። ነጋድራሳችንም መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ዛሬ ከእናንተ አንዳንዱ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አንዳንዱ ወደ ሱቅ፣ አንዳንዱ ወደ ቀበሌ ቢሮ ይሄዳል። በየሄድኩበት የምሰማው ግን «በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ» የሚል ነው። ጭንቅላት ኦዲት አይደረግም፣ ልጆቼ! የገዛችሁትን፣ የሸጣችሁትን፣ የቀነሱባችሁን ጻፉ። «ለሰፈፉ» ብሎ የሚቀንስ ሲመጣ «እንመዝነዋ» በሉት። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አለመስጠት ነው ነውሩ። ስልካችሁ ላይ ሌሊቱን ስታፈጡ የምታድሩትን ሰዓት ሩቡን ለመዝገብ ብትሰጡት፣ የዚህ አገር ገበሬ ሰሙን ራሱ አቅልጦ በሸጠ ነበር።

በሉ፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ አሚን በሉ። ሚዛናችሁ የታመነ ይሁን። ያፈራችሁትን ሌላው አይብላባችሁ። ያበደራችሁት ሰው አይክዳችሁ፤ የተበደራችሁትን የማይክድ ልብ ይስጣችሁ። አሁን ወደ ድግሱ ሂዱ፤ ወላጆችም ዛሬ ለጫማው፣ ለፎቶውና ለበጉ ስንት እንዳወጣችሁ ማታ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። የምትጽፉበት ደብተር ከሌላችሁ ተመራቂው ልጃችሁ ይግዛ፤ የመጀመሪያ ሥራው ይሁን።