ወደቡ የማን ነው?

(ባሕር ዳር በተካሄደው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ እናቶች ጤና እንድናገር ነበር። የማወራው ግን ስለ ወደብ ሕግ ነው። አትሳቁ፤ ሁለቱ ጣና ላይ ይገናኛሉ።

ጎንደር ስንማር ሦስቱን መዘግየቶች ሸምድደናል፦ ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ጤና ተቋም ደርሶ መዘግየት። ሁለተኛውን ሲያስተምሩን በአእምሯችን የሣልነው ዳገት፣ ጭቃና ቃሬዛ ነበር። ውሃ ያሰበ አልነበረም። ጣና ላይ ግን 37 ደሴቶች አሉ። እነ ደቅ ላይ ገበሬ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች። አምቡላንስ ለየወረዳው ተሰጥቷል፤ ጎማው ግን ሐይቁ ዳር ሲደርስ ይቆማል።

ከዓመታት በፊት ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት ከአንድ ደሴት ምጥ የጠናባት ሴት መጣች። ምጡ ከጀመራት ከአንድ ቀን በላይ ሆኗታል። ባሏን "ምን አቆያችሁ?" ብዬ ስጠይቀው "ዶክተር፣ ጀልባው ነዳጅ የለውም አሉን። ነዳጅ ሲገኝ መሸ። ስንደርስ ደግሞ ወደቡ ላይ መብራት የለም፤ መውረጃውን በዳሰሳ ነው የፈለግነው" አለኝ። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም።

በማግስቱ ለሚመለከተው ልንገር ብዬ ስልክ አነሳሁ። አንዱ ቢሮ "ጀልባ የፌዴራል ጉዳይ ነው" አለኝ። ሌላው "መውረጃው የከተማው መሆን አለበት" አለ። ሦስተኛው "ውሃ ላይ የሚሆነው እኛን አይመለከትም" አለ። የዋሸኝ የለም፤ እንዲያውም ሁሉም ትሑት ነበሩ። ሕጉን ማገላበጥ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሐኪም ሕግ ሲያነብ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁና የሕግ ሰዎች ይቅር በሉኝ።

የባሕር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ዓይኑ ምጽዋና አሰብ ላይ ነበር። "መርከብ" ሲልም በባሕር ላይ የሚጓዘውን ነው፤ የሐይቅ ጀልባ በዚያ ትርጉም ውስጥ የለችም። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 549 የማሪታይም ጉዳይ ባለሥልጣን ሲቋቋም የአገር ውስጥ ውሃ ትራንስፖርትም ተቆጣጣሪ አገኘ፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን አዲስ አበባ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙና ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን ያስተዳድራሉ። ጣና ዳርቻው በሙሉ አማራ ክልል ውስጥ ነው። ከእሱ የሚወጣው ዓባይ ግን ድንበር ይሻገራል። እንግዲህ ሐይቁ በየትኛው አንቀጽ ይግባ? በሁለቱም ይመስለኛል፤ ስልኬም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው ለዚሁ ነው።

ነገሩ በጀልባና በመውረጃ ብቻ አያበቃም። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ባነሰበት ጊዜ፣ ጨረጨራ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ በኩል ውሃው ለኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ ሐይቁ በጣም ጎደለና የመርከብ ጉዞ ተቋረጠ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ከዚሁ ሐይቅ ይቀዳል። መብራት እንዳልጠላ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምውል ሰው ነኝ! የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ውሃው ስንት ሲደርስ ይዘጋ ተብሎ ሲወሰን፣ ስለ ጀልባ ተሳፋሪው የሚናገር ሰው ወንበር አለው ወይ?

አገሮች ይህን በተለያየ መንገድ መልሰውታል። አሜሪካ ውስጥ የቴክሳስ ክልል ሕግ የአካባቢው ሕዝብ የራሱን የመርከብ መተላለፊያ ወረዳ እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ሂዩስተን ከባሕር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1911 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው ወረዳውን አቋቋሙ፤ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመበደርም ተስማሙ፤ የፌዴራሉ መንግሥት ያንኑ ያህል ጨመረ፤ በ1914 መተላለፊያው ተከፈተ። ገንዘቡ ለእኛ ሩቅ ነው፤ ሐሳቡ ግን ሩቅ አይደለም። ወደቡ ስም ያለው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም የሚጠየቀው እዚያው ነው።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2007 እ.ኤ.አ. የሐይቅ ትራንስፖርት ሕግ አውጥቷል። ሕግ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃም እዚያው ታይቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤምቪ ኔሬሬ የተባለችው የታንዛኒያ ጀልባ ለ101 ሰው ተሠርታ ከዚያ እጅግ የበዛ ጭና፣ መውረጃው አጠገብ ስትደርስ ተገለበጠች፤ 228 ሰው ሞተ። ወደቡ ላይ ቆሞ "በቃ፣ ሞልቷል" የሚል ሰው ያስፈልጋል ስል ይህን እያሰብኩ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ በተሽከርካሪ ተጭና መጥታለች፤ ያን ሁሉ መንገድ መርከብ በአስፋልት ስትጓዝ አገር ቆሞ አይቷታል። ደስ ብሎኛል። ጎረቤታችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የውቅያኖስ መርከብ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። መርከብም ባለሙያም አለን ማለት ነው። የጎደለው ክልሉ ሊያወጣው የሚችል፣ ከፌዴራሉ ባለሥልጣን ጋር ሥራውን በግልጽ የሚከፋፈል የወደብ ሕግ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዳኛ አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ ቢሮ ኃላፊ አለ፤ ረቂቁን ብንጀምረውስ? ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላና ጎርጎራ ላይ ስሙ የታወቀ የወደብ ኃላፊ ይኑር። ሌሊት የሚበራ መብራት፣ ለምጥና ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ነዳጅ ተሞልቶ የሚቆም አንድ ጀልባ። ከቱሪስት የሚሰበሰበው የወደብ ክፍያ እዚያው ወደቡ ላይ ይዋል። በቦርዱ ላይ ቢያንስ ሁለት ደሴተኞች ይቀመጡ፤ አንዷ ሴት ትሁን።

አንድ የማንስማማበት ነገር ቀርቷል። ታንኳም ይመዝገብ፣ ፈቃድ ያውጣ የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ለደኅንነት አስበው ነው። ነገር ግን የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥታ በጥቂት ወራት የምታልቅ ናት፤ በዓመት ስንቴ ይመዝገብላት? የወይጦ ሠሪዎችና እንጨት ጭነው የሚቀዝፉት ሰዎች ለፈቃድ ሰልፍ የሚቆሙበት ቀን ያለ ገቢ የሚያልፍ ቀን ነው። እኔ ታንኳ ከምዝገባው ትውጣ፣ ለቀዛፊው የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይሰጠው ባይ ነኝ። የሚከራከረኝ ካለ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ አለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።