ነገን የሚናገሩበት ቃል



ስለ ትናንት የሚናገር ሰው ያየውን ይናገራል። ስለ ነገ የሚናገር ግን ያላየውን ነገር በምን ቃል ያስረዳ? የግእዝ ሰዋስው መምህራን ይህን የግሥ አንቀጽ «ትንቢት» ብለው ሰይመውታል። ከህንድ እስከ ኤውሮፓ ዳርቻ የተዘረጋው የቋንቋ ነገድ ግን ነገን ለመጥራት ብዙ ጊዜ ቃል የተበደረው ከነቢይ ሳይሆን ከባለዕዳ ነው።

የጥንት ሮማውያን በሮማይስጥ «እዘምራለሁ» ለማለት «ካንታቦ» ይሉ ነበር። ቃሉ አጭርና ያማረ ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ ቀስ በቀስ ተወው። በምትኩ «ካንታሬ ሀቤኦ» ማለትን ለመደ፤ ይኸውም ቃል በቃል «መዘመር አለኝ» ማለት ነው። ዘመን ሲረዝም ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ሆኑ፤ ኢጣልያዊው «ካንቴሮ»፥ እስፓኛዊው «ካንታሬ»፥ ፈረንሳዊው «ሻንትሬ» አለ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱ ስለ ነገ ሲናገር በቃሉ ጅራት ላይ «አለኝ» የሚል ግሥ ተሸሽጎ መኖሩን አያስበውም።

በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ842 ዓ.ም. የታላቁ ካርል የልጅ ልጆች ሉድቪግና ካርል ታላቅ ወንድማቸውን ሎታርን ለመቋቋም በስትራስቡርግ ተማማሉ። ባለፈው ዓመት በፎንቴኑዋ የወንድማማቾቹ ሠራዊት ተጋጥሞ ብዙ ደም ፈስሶ ነበር። ሉድቪግ የካርል ወታደሮች እንዲሰሙት በራሱ ጀርመንኛ መማልን ትቶ ከሮማይስጥ በተወለደው በጥንቱ ፈረንሳይኛ ማለ። ወንድሙን ለመርዳት ቃል የገባበት ግሥ «ሳልቫራይ» የሚል ነው፤ ቢፈቱት «ማዳን አለኝ» ይሆናል። ተስፋውና ግዴታው በአንድ ቃል ታሰሩ። መሐላው ተጽፎ ስለ ቆየልን ይህን አዲስ አነጋገር ገና በለጋነቱ እናየዋለን።

እንግሊዞችም ለነገ የሚሉት «ዊል» ጥንት «እፈልጋለሁ»፥ «ሻል» ደግሞ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር። ዕዳንም በደልንም የሚያመለክተው የጀርመኖች «ሹልድ» የዚሁ የ«ሻል» ዘመድ ነው። የዛሬው ግሪክም ለነገ የሚለው «ታ» ከ«ቴሎ»፥ ከ«እፈልጋለሁ» የተቆረጠ ነው።

ቋንቋችን ከሴም ነገድ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይዛመድም። ቢሆንም «ሃያ ብር አለብኝ» ባልንበት አፍ «መሄድ አለብኝ» እንላለን፤ ገንዘቡንም ግዴታውንም የተሸከመው አንዱ «አለብኝ» ነው።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ለሚተረጉም የቢሮ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። በውል ውስጥ «ሻል» ጥንታዊውን የዕዳ ትርጉሙን አልለቀቀም። ተርጓሚው «ተከራዩ በየወሩ ይከፍላል» ብሎ ቢያልፈው፥ ለአንባቢ የተከራዩን ልማድ የሚያወራ ሊመስለው ይችላል። እኔ «ሊከፍል ይገባዋል» የሚለውን እመርጣለሁ።