ፕሮግራም ሲቸግረው ለማን ይንገር?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን ከክበባችን የሚጠበቀው የሠራነውን ማሳየት ነበር፤ እኛ ግን የተሳሳትነውን ልንነግራችሁ ወደናል።

ዘንድሮ የክፍላችንን ውጤት የሚያሰላ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፈን ነበር። ሥራውን ለሦስት ኦብጀክቶች አከፋፈልነው፤ አንዱ ማርኩን ከመዝገብ ያነባል፥ ሁለተኛው ያሰላል፥ ሦስተኛው ለመምህሩ ያሳያል። የሚያነበው ኦብጀክት ቁጥር ያልሆነ ነገር ሲያጋጥመው ኤክሴፕሽን የሚባለውን የችግር ምልክት ያስነሣል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ እየቆመ ስላስቸገረን፥ ምልክቱን እዚያው ይዞ በዝምታ ዜሮ እንዲጽፍ አደረግነው። መቆሙን ተወ፤ እኛም ደስ አለን። ነገር ግን ታማ ፈተና ያልተቀመጠች አንዲት ጓደኛችን በመዝገቡ «ቀረች» ተብሎ ተጽፎባት ስለ ነበር፥ ዜሮ ተሰጥቷት ከወደቁት ጋር ተቈጠረች። መምህራችን ባይደርሱበት ኖሮ ወረቀቱ ለወላጆቿ ይላክ ነበር።

ታዲያ ምልክቱ በተነሣ ቍጥር ሁሉን ማቆም ይሻል ነበርን? እርሱም ብዙ ያስከፍላል። አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጊያና በተነሣች በ40 ሰከንድ ገደማ ተበታተነች። አቅጣጫዋን የሚለካው ፕሮግራም ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። የአዲሲቱ ሮኬት የአግድም ፍጥነት ከቀድሞዪቱ ስለ በለጠ፥ ቁጥሩ ከ32,767 በላይ በማይዘው ባለ 16 ቢት ስፍራ ሊገባ አልቻለም። ኤክሴፕሽን ተነሣ፤ የሚይዘው አልነበረም፤ መመሪያውም እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ መሣሪያው ይቁም የሚል ነበር። ዋናውና ተጠባባቂው መሣሪያ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ስለ ነበራቸው ሁለቱም ቆሙ። የሚያሳዝነው፥ ያ ስሌት ሮኬቲቱ ከተነሣች በኋላ ለምንም የማያገለግል ነበር!

እኛም ሥራችንን እንደገና አሰብንበት። የሚያነበው ኦብጀክት መዝገቡን እንጂ የተማሪዋን ሕመም አያውቅም፤ ስለዚህ ሊፈርድ አይገባውም። አሁን የተማሪውን ስምና ያገኘውን ቃል ከምልክቱ ጋር አድርጎ ወደ ላይ ያሳልፋል፤ የሚያሰላው የዚያን ተማሪ ውጤት ክፍት ትቶ በሌሎቹ ይቀጥላል፤ የሚያሳየውም ለመምህሩ ያመለክታል፤ ፍርዱ የመምህሩ ነው። ባዶ የተተወ ቦታ እንደ መቅረት ይቈጠር ወይስ መምህሩ የረሱት ነው በሚለው ላይ ግን ገና እንከራከራለን።

ጓደኛችን ከዳነች በኋላ ተፈትና 81 አግኝታለች።