የመስክ መኪና ብልሽትና የእርዳታ ሥራ

ለስምሪት ኃላፊዎች፣ ለመስክ ሠራተኞችና ለሾፌሮች የተደረገ ንግግር



ድርቅ በደረሰ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ እህሉ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። እህሉ ከተገኘ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የከበደ ሆኖ ታይቷል፤ ይኸውም በምን ይድረስ የሚለው ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ ጊዜ ከዓለም ዙሪያ የተለገሰው እህል በአሰብ ወደብ ሲራገፍ፣ ከወደቡ አንሥቶ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የሚያደርሰው መኪና አልበቃም ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉም፣ ከዋናው መንገድ ርቆ ለሚኖረው አርብቶ አደር ውሃው፣ አልሚ ምግቡና መድኃኒቱ የደረሰው በተሽከርካሪ ነበር።

ትልቁ የጭነት መኪና ከሚቆምበት ወዲያ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው በአራቱም ጎማዎች የሚነዳው የመስክ መኪና ነው። ላንድ ክሩዘርም ሆነ ላንድ ሮቨር፣ ወይም ሌላ ዓይነት፣ ጥቅሙ በጭነቱ ሲመዘን በግልጽ ይታያል። 10 ኩንታል እህል የሚችል አንድ ፒክአፕ፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ በሚታደልበት ስሌት፣ በአንድ ጉዞ የ66 ሰዎችን የወር ቀለብ ያደርሳል። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ የቆመው ብረት ብቻ አይደለም፤ የእነዚህ ሰዎች ቀለብም አብሮ ቆሟል ማለት ነው።

በመስክ ላይ መኪናን ከሚያቆሙት ብልሽቶች አብዛኞቹ ድንገተኛ አለመሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። ዛሬ መንገድ ላይ የፈነዳው የውሃ ጎማ ባለፈው ሳምንት ተሰነጣጥቆ ይታይ ነበር፤ ዛሬ የተሰበረው ባሌስትራ ቦሎኑ ከላላ ቆይቷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህም ዋና ዋናዎቹን ብልሽቶች፣ ምልክታቸውንና መንገድ ላይ ሊደረግ የሚችለውን ጊዜያዊ ጥገና በቅደም ተከተል መመልከት ተገቢ ይሆናል።

አንደኛው አቧራ ነው። በድርቅ አካባቢ የሞተር የመጀመሪያ ጠላት አቧራ ነው። ሾፌሮች ፊልትሮ የሚሉት የአየር ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን ሞተሩ በቂ አየር ስለማያገኝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ከዚህ የባሰው ግን ማጣሪያው ሲቀደድ ወይም በሚገባ ሳይገጠም ሲቀር ነው። ያን ጊዜ አቧራው ወደ ሲሊንደር ገብቶ ፋሻዎቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል፤ ሞተሩም ዘይት ማቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ይጀምራል። ይህ ከደረሰ መዳኛው ሞተሩን አውርዶ ማደስ ብቻ ነው። በአቧራማ መንገድ ላይ የወረቀት ማጣሪያን በየቀኑ አውጥቶ ቀስ ብሎ ማራገፍ፣ የአየር መንፊያ ካለም ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋት ይገባል። በቤንዚን ማጠብ ወረቀቱን ያበላሸዋልና ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በመሆኑም እንደ ጣርማበር ያለውን ዳገት የሚወጣ ጭነት የበዛበት መኪና በራዲያተሩ ክዳን ጥብቀት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን ካልያዘ ውሃው ይገነፍላል። የራዲያተሩ ፊት በሣር ፍሬ፣ በነፍሳትና በጭቃ መደፈኑን ማየት፣ የማራገቢያውን ቺንጋ በአውራ ጣት ተጭኖ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ መርገቡን ማረጋገጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የውሃ ጎማ መንገድ ላይ ቢቀደድ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጥብጣብ አጥብቆ መጠቅለልና ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ግፊቱ እንዲቀንስ የራዲያተሩን ክዳን በመጠኑ አላልቶ በዝግታ መንዳት እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ግን ቴስታታን ይሰነጥቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚህ ጊዜ ግማሽ ሰዓት መታገሥ የአንድ ወር ጋራዥ ያድናል።

ሦስተኛው የነዳጅ ጉድለት ነው። በሩቅ ጣቢያ ናፍጣ የሚቀመጠው በበርሜል ነው። ቆሞ ያደረ በርሜል በአናቱ ላይ የዝናብ ውሃ ያቁራል፤ ውሃውም በክዳኑ በኩል ሰርጎ ይገባል። ስለሆነም በርሜሉን ማጋደም፣ ወይም ውሃው ክዳኑ ጋ እንዳይደርስ አዘንብሎ ማቆም ያስፈልጋል። ከመቀዳቱም በፊት ዝቃጩ እንዲረጋ መተው፣ ከዚያም የመጨረሻውን ጥቂት ሊትር ወደ መኪናው አለመጨመር ይገባል። በናፍጣ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስም አይዘነጋ። መኪናው ነዳጅ ጨርሶ ከቆመ ወይም አየር ከገባበት፣ ሞተሪኖውን ደጋግሞ መምታት ባትሪውን ከመግደል በቀር ጥቅም የለውም። ማጣሪያው ላይ ያለውን የማስተንፈሻ ቦሎን አላልቶ፣ በእጅ ፖምፓው አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ መግፋት፣ ከዚያም ቦሎኑን ማጥበቅ መፍትሔው ነው።

አራተኛው የባሌስትራና የጎማ ጉዳት ነው። የዚህ ምክንያት ከመንገዱ ይልቅ ከመጠን በላይ መጫን ሆኖ ይገኛል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቦሎኖች በኮረኮንች መንገድ ይላላሉ፤ ከላሉም ባሌስትራው መሐሉ ላይ ይሰበራል። ዋናው ቅጠል መንገድ ላይ ቢሰበር ጭነቱን አውርዶ፣ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ጠንካራ እንጨት አስገብቶ በሰንሰለት ማሰርና በእግር ፍጥነት መሄድ ይቻላል። ጎማን በተመለከተ፣ በአሸዋ ላይ ነፋሱን በአንድ ሦስተኛ ያህል ማጉደል መኪናውን ያወጣዋል። ይሁን እንጂ ጠንካራ መንገድ ላይ ሲደረስ ወዲያው ካልተሞላ ጎማው ከውስጥ ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ ፖምፓ ያልያዘ መኪና ነፋስ ማጉደል የለበትም።

አምስተኛው በአራቱም ጎማዎች የመንዳት ስልት ነው። በብዙዎቹ የመስክ መኪናዎች የፊት ጎማ ኃይል የሚያገኘው ሾፌሩ ሲያስገባው ብቻ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ ክሮቸራዎችንና ጥርሶችን ያስጨንቃል። በፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉት በእጅ የሚዞሩ ቁልፎችም ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆናቸው ይታይ። የፊት አክስሉ ፓራኦሊዮ ሲያረጅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ጎማው እጥፋት ወርዶ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ምልክቱም ከጎማው ኋላ የሚታይ ጥቁር እርጥበት ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንዱ እምብርት ከሌሎቹ በጣም ግሎ ከተገኘ፣ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነውና ሳይውል ሳያድር መፈታት አለበት።

ስድስተኛው ፍሬን ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑን ሳያቋርጡ ረግጦ መውረድ የፍሬን ዘይቱን ያፈላዋል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ቁልቁለቱን ከመጀመር አስቀድሞ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል መውረድ ይህን አደጋ ያስቀራል። የፍሬን ዘይት እርጥበት የሚስብ በመሆኑ በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ ይመረጣል።

የሰፈራ አካባቢዎች ችግር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜኑ ክፍል ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ሲወሰድ፣ ለድርቅ አገር የተለመደው መኪና በአንድ ጊዜ ከአቧራ ወደ ጭቃ ገባ። ሰፋሪው ባልለመደው የወባ አገር በክረምት መንገድ ሲዘጋበት፣ የመድኃኒቱ መዘግየት የሕይወት መጥፋት ነበር። በእንዲህ ያለ ቆላ ወንዝ የተሻገረ መኪና ወዲያው ፍሬኑ ቀስ እየተባለ በመርገጥ ይደርቃል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትም ይታያል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ሳይነዳ መለወጥ አለበት። በመረሬ ላይ የተቀረቀረን መኪና በሞተር ኃይል ለማውጣት መታገል ፍሪሲዮኑን ያቃጥለዋል፤ አካፋና ሁለት ጠንካራ ሳንቃ ከብዙ ነዳጅ ይሻላሉ።

ከላይ የተዘረዘረው በአመዛኙ በሾፌሩ እጅ ያለ ነው። ነገር ግን ከሾፌሩ በላይ የሆነ፣ የኃላፊዎችን ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይም አለ። ከየአገሩ በስጦታ የሚመጡ መኪናዎች ዓይነታቸው በበዛ ቁጥር መለዋወጫቸው ያንኑ ያህል ይበዛል። አንድ ፊልትሮ ጠፍቶ ደህና ሞተር የያዘ መኪና በግቢ ውስጥ ሣር ሲበቅልበት ይታያል። ስጦታ ሲቀበሉ መለዋወጫውን አብሮ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የውሎ አበል ነው። መኪናው ጋራዥ ሲገባ የሾፌሩ አበል ይቋረጣል። ብልሽትን የሚናገር ሾፌር ከገቢው የሚያጣ፣ የሚደብቅ ደግሞ የማያጣ ከሆነ ብልሽት መደበቁ አያስደንቅም። ይህን የሚያስተካክለው ተግሣጽ አይደለም፤ ለጥገና የሚቆምበት ቀን አስቀድሞ በስምሪት ዕቅዱ ላይ ቢጻፍና ሾፌሩም በዚያ ቀን እንደ ሥራ ላይ ቢቆጠርለት ይስተካከላል። ሦስተኛው ጥድፊያ ነው። አስቸኳይ ጊዜ ነው ተብሎ የአገልግሎት ቀኑ የሚተላለፍበት መኪና፣ አስቸኳዩ ጊዜ ከማለፉ በፊት ራሱ ይቆማል። ዘይት ለመለወጥ የማይበቃ ጊዜ ሞተር ለማውረድ ከየት ይመጣል?

በመጨረሻም ማንኛውም የመስክ መኪና ከጣቢያው ሳይወጣ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ፣ ጎማ፣ የባሌስትራ ቦሎንና ባትሪ በየማለዳው ይታዩ። ውጤቱ በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ሾፌሩና የስምሪት ኃላፊው ይፈርሙበት። ይህ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። በማደያ ጣቢያ በፀሐይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ መኪናው ለምን እንደቆመ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው እህሉ አለመድረሱን ብቻ ነው። ስለዚህም የማለዳው ሩብ ሰዓት ከእርዳታው ሥራ በፊት የሚመጣ ዝግጅት ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም፤ የእርዳታው ሥራ የሚጀምረው ከእርሱ ነው።