ቀባሪው፣ ወንድሙና የጥርስ ሐኪሙ



የተጋበዝኩት ስለ ሥራ ሕይወቴ እንድናገር ነበር። እኔ ግን ስለ ሬስሊንግ ላወራችሁ ነው። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

ያደግኩት ቴፒ ነው። ጅማ ሕክምና እየተማርኩ ለዕረፍት ስመለስ፣ በቡና ለቀማ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ቪዲዮ ቤት ይዞኝ ገባ። የጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ አንዲት ቴሌቪዥን። ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። አንደርቴከር፣ ማለትም ቀባሪው፣ ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ በደወል ድምፅ ይገባል። ከፊቱ ኬን ቀይ ጭንብል አጥልቆ ቆሟል። በታሪኩ መሠረት ኬን በልጅነቱ በእሳት ሞቷል የተባለ ወንድሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሊበቀል ብቅ አለ።

እኔ አናቶሚ የጨረስኩ ሰው ነኛ! «ይሄ እኮ ውሸት ነው» አልኩ።

«እቴቴ፣ ውሸት መሆኑን እዚህ የማያውቅ የለም። ዝም ብለሽ እዪ» አለኝ።

እውነቱን ነበር። አያቴ ስለ አያ ጅቦ ስታወራ ጅብ ይናገራል ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ሬስሊንግም እንደዚያው ነው፤ ሆን ተብሎ የተጋነነ፣ ተመልካቹም አውቆ የገባበት ጨዋታ። የቀባሪው ማናጀር ፖል ቤረር በእውነተኛ ሕይወቱም ፈቃድ ያለው አስከሬን አዘጋጅ ነበር። ኬንን የተጫወተው ግሌን ጄከብስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የራሱ ጥርስ የበሰበሰ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ይታገል ነበር። ስሙ ዶክተር አይዛክ ያንከም፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ነቅዬ አወጣቸዋለሁ» የሚል ይመስላል። የጥርስ ሐኪሞች ይቅርታ! ያ «የተቃጠለ» ወንድም እ.ኤ.አ. በ2018 በቴነሲ የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል።

ከዓመታት በኋላ ሚዛን ስሠራ፣ ጓደኛው አንሥቶ የወረወረው ልጅ ክንዱ ተሰብሮ መጣ። አንገቱን መርምረን እስክንጨርስ ልቤ አልተመለሰም። ያመጡትን ልጆች «ውሸት ነው፣ ሁለተኛ እንዳታዩ!» ብዬ ተቆጣሁ። ወንድሜ እንዳየኝ አዩኝ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ሰፈር ሌላ ልጅ መጣ።

ያኔ መቆጣቱን ተውኩና ቁጭ ብዬ ውሸቱ እንዴት እንደሚሠራ ነገርኳቸው። የሚያነሣው ሰው የሚነሣውን ጭንቅላት ይጠብቃል። የሚወድቀው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በጀርባው መውደቅን ብዙ ተለማምዷል። የሚወድቁበት ጣውላ ረገብ ይላል፤ የእናንተ ሜዳ ግን ድንጋይ ነው። ጠላት ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን አንገት በአደራ ይዟል አልኳቸው።

ስለ ኦወን ሃርትም ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ፣ የሚያስቅ ጀግና ሆኖ ከጣሪያ በገመድ ሊወርድ ሲል ወድቆ ሞተ። የቴሌቪዥኑ አስተላላፊ ይህ የትርኢቱ አካል እንዳልሆነ ለተመልካች መናገር ነበረበት። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ንቄ ስነግራቸው ያልሰሙኝ፣ አክብሬ ስነግራቸው ሰሙኝ። እናንተም በሽተኛ የሚወደውን ነገር ከመናቃችሁ በፊት እስቲ አንዴ አብራችሁት እዩ።

የሁለተኛው ልጅ ጀሶ የተፈታ ቀን «ዶክተር፣ ኬንን ይወዱታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የጥርስ ሐኪም ሳለ ይበልጥ ነበር» አልኩት።