ደንበኛና ዜጋ፦ የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ወገንተኝነትና የመራጩ ብሶት



ስለ አሜሪካ መገናኛ ብዙኃን አቋም የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በ2021 መጨረሻ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ትውልደ ኢትዮጵያውያን «በቃ» እያሉ ሰልፍ ሲወጡ፣ ከተቃወሟቸው መካከል ስመ ጥር የአሜሪካ የዜና ተቋማት ይገኙባቸው ነበር። ሌሎች ወገኖቻችን ደግሞ እነዚያው ተቋማት ባይዘግቡ ኖሮ የጦርነቱን ሰቆቃ ዓለም አይሰማውም ነበር ይሉ ነበር። ያንን ክርክር ዛሬ አልከፍተውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ራሱ አሜሪካዊው መራጭ በገዛ አገሩ የዜና ተቋማት ይህን ያህል የተማረረው ስለ ምንድን ነው? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምሬቱ በቁጥር የሚታይ ነው። የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋሉፕ በ1976 ባደረገው ጥናት፣ ከ100 አሜሪካውያን 72ቱ በመገናኛ ብዙኃን ላይ ከፍተኛ ወይም መጠነኛ እምነት እንዳላቸው ተናግረው ነበር። ጊዜው ኒክሰን በዎተርጌት ቅሌት ምክንያት ሥልጣናቸውን ከለቀቁ ሁለት ዓመት ብቻ የተቆጠረበት፣ ጋዜጠኛው እንደ ጀግና የሚታይበት ዘመን ነበር። በ2024 ይህ ቁጥር ወደ 31 ወርዷል። ከዴሞክራቶች 54 በመቶው እምነት አለን ሲሉ ከሪፐብሊካኖች ግን እንዲህ ያሉት 12 በመቶ ብቻ ናቸው።

የሪፐብሊካኑን ጥርጣሬ ከንቱ ሐሜት ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በ2022 በአሜሪካ ጋዜጠኞች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ራሳቸውን ዴሞክራት ነን ያሉት 36 በመቶ ያህል ሲሆኑ ሪፐብሊካን ነን ያሉት ከ4 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ ገለልተኛ ነን ብለዋል፤ ቢሆንም ይህን ያህል ልዩነት ባለበት የዜና ክፍል ውስጥ ማንም ሳያስበው የሚታለፍ ጥያቄ መኖሩ አይቀርም።

በሌላው ወገን ዘወትር የሚነገረው ማብራሪያ ከ1987 ይጀምራል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ1949 ጀምሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ ተቃራኒ ሐሳቦችን እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ የሚዛናዊነት ደንብ ነበረው፤ በ1987 ሻረው። በማግስቱ በ1988 የራሽ ሊምባው የሬዲዮ ፕሮግራም በመላው አገር መሰራጨት ጀመረ። እስከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን ደንቡ በአየር ሞገድ ለሚሠሩ ጣቢያዎች እንጂ ለኬብል ቴሌቪዥን የወጣ አልነበረም፤ ስለዚህ በ1996 ሥራ የጀመሩት ፎክስ ኒውስም ኤምኤስኤንቢሲም የዚያ ደንብ መሻር ልጆች ናቸው ማለት አይቻልም። ወገንተኝነትን በአንድ ሕግ መሻር ብቻ ማብራራት ለመምህራን ይመቸናል፤ የነገሩ ሥር ግን ያለው ዋጋውን በሚከፍለው ሰው ዘንድ ይመስለኛል።

ሁለት ሁኔታዎችን አስረጂ አድርጌ ላቅርብ፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ።

በ2020 ምርጫ ሌሊት ፎክስ ኒውስ አሪዞናን ባይደን እንዳሸነፉ ከሌሎች ታላላቅ ጣቢያዎች ቀድሞ አወጀ። ትንበያው በመጨረሻ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነቱ ከ11,000 ድምፅ ያነሰ ቢሆንም። ተመልካቹ ግን አመስጋኝ አልነበረም። ብዙዎች ጣቢያውን «ከዳን» ብለው ኒውስማክስ ወደተባለው ትንሽ ተፎካካሪ ፊታቸውን አዞሩ። ቀጥሎ በነበሩት ሳምንታት በፎክስ ስርጭት የዶሚኒየን ኩባንያ የድምፅ መስጫ መሣሪያዎች ምርጫውን አጭበርብረዋል የሚል ሐሰተኛ ክስ ተደጋግሞ ተሰማ። ኩባንያው በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ በክሱ ሂደት ይፋ የሆኑት የውስጥ መልእክቶችም ታዋቂ አቅራቢዎችና አለቆቻቸው ያንን ወሬ በግል እንደማያምኑበትና ተመልካች እንዳይሸሻቸው እጅግ ሰግተው እንደነበር አሳዩ። በሚያዝያ 2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ጣቢያው ተመልካቹን ከመምራት ይልቅ ተመልካቹን ተከትሏል። እውነቱን የተናገረበት ሌሊት ያስከፈለውን ዋጋ አይቶ ነው ወደ ሐሰቱ የዞረው።

በጥቅምት 2024 ደግሞ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ዋሽንግተን ፖስት ለየትኛውም የፕሬዚዳንት ዕጩ ድጋፍ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ካማላ ሃሪስን የሚደግፍ ርእሰ አንቀጽ ተረቅቆ እንደነበርና የጋዜጣው ባለቤት ጄፍ ቤዞስ እንዳስቆሙት ተዘገበ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ250,000 የሚበልጡ አንባቢዎች ደንበኝነታቸውን ሰረዙ። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ጣልቃ መግባታቸው የሚያስቆጣ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም በዚያ ርእሰ አንቀጽ የተነሣ ሐሳቡን የሚለውጥ የዋሽንግተን ፖስት አንባቢ ከየት ይገኛል? የዜና ክፍሉ በማግስቱም ስለ ትራምፕ መዘገቡን አላቋረጠም። የተሰረዘው ገንዘብ የሚከፍለው ለእነዚያው ዘጋቢዎች ነበር። ከመዘገቡ ይልቅ «ከእኛ ጋር ነህን?» የሚለው ጥያቄ ሚዛን ደፋ።

ሁለቱን እኩል አላደርጋቸውም፤ በቴሌቪዥን ሐሰት መንዛትና ርእሰ አንቀጽ ማስቀረት አንድ አይደሉም። የሚያመሳስላቸው ደንበኛው የቀጣበት መንገድ ነው። ማስታወቂያ የጋዜጣን ወጪ ይሸፍን በነበረበት ዘመን ነጋዴው የሚፈልገው ብዙ አንባቢ ስለነበር፣ ጋዜጣው ዴሞክራቱንም ሪፐብሊካኑንም ላለማስከፋት ይጠነቀቅ ነበር፤ ያ ጥንቃቄ ከምግባር ይልቅ ከሒሳብ የመነጨ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ማስታወቂያው ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሲሄድ የቀረው ታማኝ ደንበኛ ነው። ታማኝ ደንበኛ ደግሞ ታማኝነትን በምላሹ ይጠብቃል።

እንግዲህ ከዚህ ገበያ ውጭ የቀረውን መራጭ እንይ። ወደ ኦሃዮ ልውሰዳችሁ።

ያንግስታውን የብረት ከተማ ነበረች። በ1930 ነዋሪዋ 170,000 ደርሶ ነበር። በመስከረም 1977 በዚያው ሸለቆ የሚገኝ ትልቅ የብረት ፋብሪካ እንደሚዘጋ ተነገረና በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ቀኑ እስከ ዛሬ «ጥቁር ሰኞ» ይባላል። በ2020 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 60,000 ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቪንዲኬተር የሚባል ዕለታዊ ጋዜጣ ነበራቸው፤ በ1869 የተመሠረተ። የማዘጋጃ ቤቱን ስብሰባ፣ የትምህርት ቤቱን በጀት፣ የማፊያውን እጅ፣ በ2002 በጉቦ ተፈርዶባቸው ከተወካዮች ምክር ቤት የተባረሩትን የራሳቸውን እንደራሴ ጄምስ ትራፊካንትን ጉዳይ የዘገበ ጋዜጣ ነው።

በሐምሌ 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ወደዚያች ከተማ መጥተው ሥራው ሁሉ ስለሚመለስ ቤታችሁን አትሽጡ አሉ። በመጋቢት 2019 አቅራቢያው በሎርድስታውን የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ ምርት አቆመ። በነሐሴ 2019 መጨረሻ፣ 150ኛ ዓመቱን በያዘበት ዓመት፣ ቪንዲኬተርም ተዘጋ፤ ስሙን የገዛው የጎረቤት ከተማ ጋዜጣ ነው። በ2020 ያንግስታውን የምትገኝበት ማሆኒንግ ካውንቲ ከ1972 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት መረጠ።

አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም። መራጩ መሸሽ የጀመረው ጋዜጣው ሳይዘጋ ነው፤ በ2016 ሒላሪ ክሊንተን ካውንቲውን ያሸነፉት በጥቂት ልዩነት ነበር። እኔን የሚገርመኝ የሚከተለው ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በየአራት ዓመቱ ወደዚያች ከተማ ይመጣሉ፤ ከተዘጋ ፋብሪካ ፊት ለፊት ቆመው፣ በአንድ ቡና ቤት ውስጥ ሦስት ጡረተኞችን አነጋግረው ይመለሳሉ። ጡረተኛው የሚጠየቀው ማንን እንደሚመርጥ ነው። የጡረታ ገንዘቡ የት እንደገባ፣ የውሃ ክፍያው ለምን እንደጨመረ፣ ለአዲስ ባለሀብት የተሰጠው የግብር ምሕረት ምን ሥራ እንዳስገኘ የሚጠይቅለት በየዕለቱ እዚያው የሚውል ዘጋቢ ነበር። እርሱ ሲሄድ ለመራጩ የቀረለት የዋሽንግተን ጠብ ነው። በዚያም ጠብ ውስጥ ተመልካች እንጂ ባለጉዳይ አይደለም።

በ2018 ጆሽዋ ዳርና ሁለት ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህን በድምፅ ውጤት ፈትሾታል። ጋዜጣ በተዘጋባቸው ካውንቲዎች ለፕሬዚዳንት የአንዱን፣ ለሴኔት የሌላውን ፓርቲ ዕጩ የሚመርጥ ሰው ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። ለውጡ በመጠን ትንሽ ነው፤ ሁለት በመቶ ገደማ። ይሁን እንጂ በ2016 ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺጋንና ዊስኮንሲን በድምሩ 80,000 በማይሞላ ድምፅ ፕሬዚዳንት መምረጣቸውን ለሚያስታውስ ሰው ትንሽ አይደለም።

ሩቅ የሚመስለው ይህ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። በ2021 በቨርጂንያ የአገረ ገዢ ምርጫ አንዳንድ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበራት በባይደን የኢትዮጵያ ፖሊሲ ተቆጥተው ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ደግፈዋል። የአገሪቱ ጣቢያዎች ያንን ምርጫ የተረኩት ግን በአመዛኙ በትምህርት ቤቶች ውዝግብ ነበር። ትክክል ነበሩም አልነበሩም፣ የእነዚያ መራጮች ብሶት ለታላላቆቹ ጣቢያዎች ታማኝ ደንበኞች የሚሸጥ ታሪክ አልነበረም።

አሁን ያለው ክርክር በገንዘብ ላይ ነው። በሐምሌ 2025 ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መድቦት የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ወገንተኝነታቸው ነበር። ክሱ በዋናነት ያነጣጠረው በብሔራዊዎቹ ኤንፒአርና ፒቢኤስ ላይ ሲሆን፣ ያለዚያ ገንዘብ ለመቆም ይበልጥ የሚቸገሩት ግን በገጠርና በአላስካ ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚገኙባቸው አካባቢዎች ድጎማው እንዲቀር ድምፅ የሰጡትን እንደራሴዎች የመረጡ ናቸው፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲያስፈልጋቸው የሚከፍቱትም ያንኑ ጣቢያ ነው።

 ቀሪውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ ትቼዋለሁ።