ህልም እንደ ፈቺው

እሱ፦ የደልጊና የአካባቢው አድማጮቻችን፣ የዛሬው ፊልም የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በ1972 እ.ኤ.አ. የሠራው «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» ነው። 36 ደቂቃ።

እሷ፦ እውነቱን ልንገርህ? መያዣ መጨበጫ አጣሁለት።

እሱ፦ አሜሪካዊቷን የመብት ታጋይ አንጄላ ዴቪስን በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ያለመው ህልም እኮ ነው መነሻው!

እሷ፦ ህልም ደግሞ እንደ ፈቺው ነው። የፊልሙ ሴትዮ እስር ቤት ናት ስል፣ ሐሳቧ ይዟት ይሄዳል። ጊዜውም ቦታውም ይደበላለቃል። የታሰረው ማነው?

እሱ፦ ውጭ ያለው ሕዝብ ነዋ።

እሷ፦ ኧረ ተው! እንዲህ ካልን የእሷን እስራት አቀለልነው። ካቴናው እሷ እጅ ላይ ነው።

እሱ፦ ታዲያ ዳይሬክተሩ ለምን በግልጽ አልነገረንም?

እሷ፦ ቢነግረንማ ምን ያከራክረን ነበር? ቆይ፣ ስልክ ገብቷል። ሃሎ፣ ከደልጊ ነው?